ነፋስ ውሃን እስከ የት ይገፋል? የአውሎ ነፋስ ሙላትን ለአንድ ወደብ ደረጃ በደረጃ መተንበይ

ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. (ኦክቶበር 29 ቀን 2012) ከምሽቱ 3:24 ላይ፣ በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ ባተሪ በሚባለው ቦታ የተተከለው የውሃ ከፍታ መለኪያ 4.29 ሜትር አነበበ። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃው በዚያ ሰዓት 1.42 ሜትር ላይ መሆን ነበረበት። የቀረውን 2.87 ሜትር ያመጣው ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። ከባተሪ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ኪንግስ ፖይንት ደግሞ አውሎ ነፋሱ የጨመረው ውሃ 3.86 ሜትር ደርሶ ነበር። የደረሰው ግን ባሕሩ ባፈገፈገበት ሰዓት አካባቢ ነው። ከፍ ባለበት ሰዓት ቢደርስ ኖሮ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ይሆን ነበር።

የሙላት ትንበያ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ስንት ሜትር እና በስንት ሰዓት። ሁለቱም ከሁሉ በላይ የሚወሰኑት በነፋሱ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ፓይተን ትንሽ ለሚችልና በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ማስኬድ ለማይቸግረው ሰው ነው። ምሳሌያችን የኒው ዮርክ ወደብ ይሁን እንጂ ሥራው በሌላ ወደብም ያው ነው።

ደረጃ 1፦ የሚተነብዩትን ይለዩ

በባሕር ዳርቻ የሚታየው የውሃ ከፍታ የብዙ ነገሮች ድምር ነው። አንደኛው ታይድ፣ ማለትም ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየቀኑ የሚወጣውና የሚወርደው ነው፤ ይህ ከዓመታት በፊት በትክክል ሊሰላ ይችላል። ሁለተኛው የአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ባሕሩ በ1 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሳንዲ መሬት ሲነካ የማዕከሉ ግፊት 945 ሄክቶፓስካል ነበር፤ ከተለመደው 1013 ሲቀነስ 68 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይህ ግን በማዕከሉ ሥር ያለው ነው። ማዕከሉ መሬት የነካው በኒው ጀርዚ ብሪጋንቲን አጠገብ፣ ከባተሪ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሆነ በወደቡ ላይ የግፊቱ ድርሻ ከዚያ ያንሳል። ሦስተኛው ነፋስ ነው፤ ጥልቀቱ ባነሰ ባሕር ላይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። ከእነዚህ ሌላ በዳርቻው ላይ የሚሰበሩ ሞገዶች የሚከምሩት ውሃና የወንዞች ጎርፍ አሉ።

በዚህ ጽሑፍ «ሙላት» የምንለው ከታይዱ በላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። «ጠቅላላ ከፍታ» ስንል ታይድና ሙላት ተደምረው ማለታችን ነው። ሁለቱን ማምታታት ሰው ሊገድል የሚችል ስህተት ነው። «3 ሜትር ይመጣል» ተብሎ የተነገረው ነዋሪ ከምን በላይ እንደሆነ ካልተነገረው ቤቱን ለቅቆ ይውጣ ወይስ ይቆይ መወሰን አይችልም።

ደረጃ 2፦ መለኪያውንና መነሻ ወለሉን ያስተካክሉ

የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ከዚህ በኋላ ኖአ እንላለን) የባተሪን መለኪያ በቁጥር 8518750 መዝግቦ በየ6 ደቂቃው የተነበበውን በነፃ ያሰራጫል። የተለካውንና አስቀድሞ የተሰላውን ታይድ ለየብቻ አውርደው አንዱን ከሌላው ይቀንሱ፤ ቀሪው ሙላቱ ነው። በጸጥታ ቀን ቀሪው ከዜሮ ትንሽ ከፍና ዝቅ እያለ ይሄዳል። ቀሪው ራሱ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው የሚመላለስ ማዕበል መስሎ ከታየ አየሩ ምንም አላደረገም፤ የሁለቱ ፋይሎች ሰዓት አልገጠመም ማለት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁሉንም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ) ሰዓት ያድርጉ። የሳንዲ ጫፍ በኒው ዮርክ ሰዓት ኦክቶበር 29 ምሽት ነው፤ በዩቲሲ ግን ኦክቶበር 30 ቀን 01:24 ነው፣ ቀኑም ይለወጣል። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ስንጽፍ ደግሞ ሌላ የ6 ሰዓት ልዩነት ይጨመራል። 6 ሰዓት በዚህ ሥራ ውስጥ ባሕሩ ጫፍ ከወጣበት እስከ ወረደበት ያለ ጊዜ ነው፤ የስህተቱን ክብደት ከዚህ መገመት ይቻላል። ማስታወሻዎን በአማርኛ ቢይዙም የመረጃ ፋይሎቹ ውስጥ ከዩቲሲ በቀር ሌላ ሰዓት አያስገቡ።

ቀጥሎ መነሻ ወለል ነው። ከላይ የጠቀስነው 4.29 ሜትር የተለካው በየቀኑ ከሚኖሩት ሁለት ዝቅታዎች የዝቅተኛው አማካይ ላይ ተነሥቶ ነው። ያው ውሃ በመሬት ቅየሳ መነሻ በናቭዲ88 ሲለካ 3.44 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 85 ሳንቲሜትር ነው። የባሕር ካርታዎች ጥልቀትን የሚለኩት ከመጀመሪያው፣ የመሬት ከፍታ ካርታዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ነው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ካገናኙ ዳርቻው ላይ በተፈጥሮ የሌለ የ85 ሳንቲሜትር ደረጃ ይፈጠራል። ኖአ ለዚህ የሚሆን ቪዳተም የሚባል መቀየሪያ አለው። አንድ ወለል ይምረጡና (ጎርፍ ወደ መሬት ስለሚወጣ ናቭዲ88 ይሻላል እንላለን) የእያንዳንዱን ፋይል ወለል በስሙ ላይ ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ነፋሱን ያዘጋጁ

ካለዎት ጊዜ ግማሹን እዚህ ላይ ቢያጠፉ አይጸጸቱም። ነፋስ ውሃን የሚጎትተው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ሲበረታ የባሕሩ ገጽ ስለሚሻክር ጉተታው ከካሬም ያልፋል። የጋራት ቀመር በሚባለው (ደረጃ 4 ላይ የመጀመሪያው ነው)፣ 25 ሜትር በሰከንድ የሆነው ነፋስ ወደ 27.5 ቢያድግ፣ ማለትም በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር፣ ጉተታው በ30 በመቶ ገደማ ያድጋል። በሙላት ሞዴሉ፣ ማለትም የውሃውን እንቅስቃሴ በሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ይህን ያህል ውጤቱን አይለውጥም።

የነፋስ ምንጭ ሦስት ዓይነት ነው። ያለፈን አውሎ ነፋስ ለማጥናት ኢራ5 የተባለው መልሶ የተሰላ መረጃ በየሰዓቱ በ31 ኪሎ ሜትር ስፋት ይገኛል። ለትንበያ የአሜሪካው የአየር ሁኔታ ሞዴል ጂኤፍኤስ በቀን አራት ጊዜ፣ በ00፣ በ06፣ በ12 እና በ18 ዩቲሲ ይሠራል፤ የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል ሞዴልም አለ። ሦስተኛው በቀመር የሚሠራ ነፋስ ነው፦ የማዕከሉን ቦታ፣ ግፊቱንና ነፋሱ ከሁሉ የሚበረታበትን ርቀት ሰጥተው የሆላንድን ቀመር በመጠቀም ክብ አውሎ ነፋስ ይሥላሉ።

የትኛውን መጠቀም እንዳለብዎ የሚወስነው የአውሎ ነፋሱ ዓይነት ነው። ጠባብና ክብ ለሆነ የሐሩር ክልል አውሎ ነፋስ ቀመሩ ይበልጣል፤ ምክንያቱም 31 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሴል (ካርታው ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱ) የዓይኑን ዙሪያ ብርቱ ነፋስ አማክሎ ያደክመዋል። ሳንዲ ግን መሬት ከመንካቱ ጥቂት ሰዓት በፊት የሐሩር ክልል ባሕርዩን አጥቶ ነበር፤ ነፋሱ በጣም ሰፊና ያልተመጣጠነ ነበር። እንዲህ ላለው ክቡ ቀመር አይሆንም፤ የሞዴል ነፋስ ያስፈልጋል።

ምንጩን ከመረጡ በኋላ ከታች ያሉትን አንድ በአንድ ይፈትሹ።

ከፍታ፦ ሞዴሎች የሚጠብቁት በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ነፋስ ነው። ብዙ የባሕር ተንሳፋፊዎች ነፋስ የሚለኩት በ4 ሜትር ገደማ ነው። ወደ 10 ሜትር ለማምጣት በ(10 ÷ 4) ኃይል 0.11፣ ማለትም በ1.1 ያባዙ።

የአማካይ ጊዜ፦ የአሜሪካ የአውሎ ነፋስ ማዕከል የሚያወጣው ፍጥነት የ1 ደቂቃ አማካይ ነው። የሙላት ሞዴል የሚፈልገው የ10 ደቂቃ አማካይ ነው። በክፍት ባሕር ላይ በ0.93 ያባዙ። ይህን መርሳት ነፋሱን በ7 በመቶ ያሳብጣል፤ ሙላቱን በስንት እንደሚያሳብጥ ከላይ አይተናል።

መለኪያ፦ 1 ኖት 0.514 ሜትር በሰከንድ ነው። ግፊት ደግሞ በፓስካል ይሁን በሄክቶፓስካል ያረጋግጡ፤ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው።

አቅጣጫ፦ ነፋስ የሚጠራው በመጣበት በኩል ነው፤ የምሥራቅ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ የምሥራቅ ክፍሉ = −ፍጥነት × ሳይን(አቅጣጫ)፣ የሰሜን ክፍሉ = −ፍጥነት × ኮሳይን(አቅጣጫ) ነው። የቀናሹ ምልክት ከተረሳ ሞዴሉ ያለምንም ቅሬታ ይሠራል፤ ውሃውን ግን ከወደቡ አስወጥቶ ወደ ውቅያኖስ ይነዳዋል። አንድ ሰዓት መርጠው ቀስቶቹን በካርታ ላይ ይሳሉ። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ቀስቶቹ ማዕከሉን ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ መዞር አለባቸው።

የመሬት ጥላ፦ የነፋስ ሴል ግማሹ መሬት ከሆነ በውስጡ ያለው ነፋስ በዛፍና በሕንፃ የደከመ ነው። ያ ቁጥር ወደ ወደቡ ሲዘረጋ ውሃው ላይ የሌለ ድካም ያመጣል። መረጃውን ከማዳረስዎ በፊት የመሬት ሴሎችን ሰርዘው ቦታቸውን አቅራቢያቸው ባሉ የባሕር ሴሎች ይሙሉ። በጠባብ ወደቦች ትንበያ ብዙ ጊዜ የሚያንስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የጊዜ ክፍተት፦ ነፋሱ በየ3 ሰዓቱ ብቻ ቢሰጥዎና አውሎ ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢጓዝ፣ በሁለት ንባቦች መካከል 108 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በመካከል ያለውን ሰዓት በተራ አማካይ ሲሞላው አንዱ ብርቱ አውሎ ነፋስ ሁለት ደካማ አውሎ ነፋሶች ይሆናል፤ አንዱ ከኋላ እየከሰመ፣ ሌላው ከፊት እየፈካ። የውሃ ከፍታው ግራፍ በየ3 ሰዓቱ ደረጃ ደረጃ ካለው ምክንያቱ ይኸው ነው። የየሰዓቱን መረጃ ይጠቀሙ፤ ካልተገኘም የአውሎ ነፋሱን ማዕከል በጉዞ መስመሩ ላይ እያንቀሳቀሱ ይሙሉ።

ደረጃ 4፦ ሞዴሉን ከመክፈትዎ በፊት በወረቀት ያስሉ

ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሞዴሉ 9 ሜትር ሲል ይመኑት ወይስ ይጣሉት የሚነግርዎ የወረቀቱ ስሌት ነው።

የጉተታ ቁጥር = (0.75 + 0.067 × ነፋስ) ÷ 1000
ጉተታ = 1.22 × የጉተታ ቁጥር × ነፋስ × ነፋስ
የውሃው መውጣት = ጉተታ × ርቀት ÷ (1025 × 9.81 × ጥልቀት)

1.22 የአየር፣ 1025 የባሕር ውሃ እፍግታ ነው፤ ሁሉም በሜትርና በሰከንድ ይሁን። ነፋሱ 25፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር፣ ነፋሱ ውሃውን የሚገፋበት ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ የጉተታ ቁጥሩ 0.0024፣ ጉተታው 1.85 ፓስካል፣ የውሃው መውጣት 0.92 ሜትር ይሆናል። ነፋሱን 30 ያድርጉት፤ 1.51 ሜትር ይሆናል። ነፋሱን ወደ 25 መልሰው ጥልቀቱን 10 ሜትር ቢያደርጉ ከፍታው እጥፍ ይሆናል፤ 50 ሜትር ቢያደርጉ ወደ 37 ሳንቲሜትር ይወርዳል።

ጥልቀቱ በማካፈያው በኩል መቀመጡን ልብ ይበሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ በሚሲሲፒ ዳርቻ በፓስ ክሪስቲያን 8.5 ሜትር ያህል ውሃ ያወጣችው የዚያ አካባቢ ባሕር ሩቅ ድረስ ጥልቀት የሌለው በመሆኑም ጭምር ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ የኒው ጀርዚና የሎንግ አይላንድ ዳርቻዎች ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ስለሚገናኙ የተገፋው ውሃ መሸሻ አጥቶ ወደ ወደቡ አፍ ይሰበሰባል። በዋሽንግተንና በአሌክሳንድርያ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎችም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ7 ሜትር በታች ነው። በሴፕቴምበር 2003 እ.ኤ.አ. ኢዛቤል የተባለችው አውሎ ነፋስ ወደ መሀል አገር ካለፈች በኋላ ከደቡብ ምሥራቅ የነፈሰው ነፋስ ውሃውን በባሕረ ሰላጤውና በፖቶማክ ወንዝ ሽቅብ ገፍቶ የአሌክሳንድርያን አሮጌ ከተማ አጥለቅልቋል።

የወረቀቱ ስሌት አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምድር በመሽከርከሯ ምክንያት በሰሜን ንፍቀ ክበብ የሚሄድ ውሃ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ስለዚህ ዳርቻውን በቀኙ አድርጎ በትይዩ የሚነፍስ ነፋስም ውሃ ወደ መሬት ያስጠጋል። በ2008 እ.ኤ.አ. አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ በቴክሳስ ጋልቬስተን ላይ ሳይደርስ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አስቀድሞ ውሃው ከ2 ሜትር በላይ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። የማምለጫ መንገዶች አውሎ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ሊዘጉ እንደሚችሉ ከዚያ ተምረናል፤ ትንበያዎም ከዋናው ጫፍ ሌላ ውሃው መውጣት የሚጀምርበትን ሰዓት መያዝ አለበት።

ደረጃ 5፦ የባሕሩን ወለልና መረቡን ይሥሩ

ለሩቁ ውቅያኖስ ጌብኮ የተባለው የዓለም የጥልቀት ካርታ ይበቃል። ለወደቡ ግን አይበቃም፤ የኖአን ዝርዝር የዳርቻ ካርታ ይጠቀሙ።

የሴሎቹ ስፋት በጥልቁ ውቅያኖስ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ባነሰው ባሕር ከ500 ሜትር እስከ 1 ኪሎ ሜትር፣ በወደቡ ውስጥ ከ50 እስከ 100 ሜትር ይሁን። እያንዳንዱ መተላለፊያ በወርዱ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሴል ሊኖረው ይገባል። ወደ ኒው ዮርክ ወደብ ውሃ የሚገባበትን ዋና በር የሚሻገረው የቬራዛኖ ድልድይ በሁለቱ ምሰሶዎቹ መካከል 1,298 ሜትር ይረዝማል፤ በ100 ሜትር ሴል በደንብ ይያዛል፣ በ1 ኪሎ ሜትር ሴል ግን ሊዘጋ ይችላል። ኢስት ሪቨር የሚባለውንም አይዝለሉ። ወንዝ ቢባልም ወደቡን ከሎንግ አይላንድ ሳውንድ ጋር የሚያገናኝ የባሕር መተላለፊያ ነው። ካልተካተተ በባተሪና በኪንግስ ፖይንት መካከል የሚመላለሰው ውሃ መንገድ ያጣል።

የጎርፍ መከላከያ ግንብ ወርዱ 2 ወይም 3 ሜትር ቢሆን በ100 ሜትር ሴል አማካይ ውስጥ ይጠፋል፤ በሞዴሉ ላይም ከተማው ግንብ እንደሌለው ይጥለቀለቃል። ግንቡን በሴሎች ጠርዝ ላይ እንደ መስመር ከነከፍታው ማስገባት የግድ ነው።

የውሃው ወለል ሰበቃ በማኒንግ ቁጥር ይሰጣል፦ ለክፍት ውሃ 0.02 እስከ 0.025፣ ለረግረግ ሣር 0.05 ገደማ፣ ቤት ለበዛበት ሰፈር 0.1 ገደማ፣ ለደን 0.15 ገደማ።

ደረጃ 6፦ ሞዴል፣ ወሰንና የጊዜ እርምጃ

ለመማር ጂኦክላው የተባለው የሙላት ሞዴል ጥሩ ነው፤ ነፃ ነው፣ በላፕቶፕ ይሠራል፣ አውሎ ነፋሱ ባለበት ቦታ ሴሎቹን ራሱ ያሳንሳል። የአይክ ምሳሌ አብሮት ስለሚመጣ መጀመሪያ እሱን ሳይነኩ አስኪደው ያረጋግጡ። ለሙሉ ሥራ አድሰርክና ዴልፍት3ዲ በሰፊው ይሠራባቸዋል፤ ሁለቱም ስዋን ከተባለው የሞገድ ሞዴል ጋር ተጣምረው መሄድ ይችላሉ። የአሜሪካ የአውሎ ነፋስ ማዕከል ስሎሽ የተባለውን የቆየ ሞዴል የሚጠቀመው ፈጣን ስለሆነ ነው፤ አንዱን አውሎ ነፋስ በብዙ መቶ መስመሮች ደጋግሞ ማስኬድ ይቻላል።

የሞዴሉን መረብ የክፍት ባሕር ወሰን ሩቅና ጥልቅ ቦታ ላይ ያድርጉ። የአድሰርክ ሠሪዎች ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወሰኑን በ60 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ወሰኑ ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ ካረፈ ነፋሱ ሊከምረው የሚገባውን ውሃ ወሰኑ ራሱ ጎትቶ ያወርደዋል። በወሰኑ ላይ ታይዱን (ለምሳሌ ቲፒኤክስኦ ከተባለው የዓለም የታይድ ሞዴል) እና የአየር ግፊቱ የሚያመጣውን ከፍታ ሁለቱንም ይስጡ።

የጊዜ እርምጃው ሞገድ አንድ ሴል ከሚያልፍበት ጊዜ ማነስ አለበት። የሞገዱ ፍጥነት የ(9.81 × ጥልቀት) ካሬ ሥር ነው። በ20 ሜትር ጥልቀት 14 ሜትር በሰከንድ ስለሆነ 100 ሜትር ለሆነ ሴል 7 ሰከንድ ጣሪያው ነው፤ በተግባር የዚያን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ይውሰዱ።

የጉተታ ቁጥሩም ጣሪያ ይኑረው። ነፋስ ከ33 ሜትር በሰከንድ ገደማ ሲያልፍ የባሕሩ ገጽ በአረፋ ስለሚሸፈን ጉተታው እንደ ቀመሩ ማደጉን ያቆማል። ብዙዎች በ0.002 እና በ0.0035 መካከል ይገድቡታል። ይህ ከሌለ ለብርቱ አውሎ ነፋስ የማይታመን ቁጥር ያገኛሉ።

ደረጃ 7፦ ታይድ ብቻ ያስኪዱ

ነፋስ ሳይገባ ሞዴሉን 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስኪዱ። የመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 10 ቀናት ማሟሟቂያ ናቸው፤ ኃይሉን ከዜሮ ቀስ በቀስ ያሳድጉና እነዚያን ቀናት ከሒሳብ ያውጡ። በባተሪ ዋናው የጨረቃ ታይድ ከአማካዩ 0.67 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ሞዴልዎ በ1 ሰዓት ብቻ ቢዘገይ የከፍታ ስህተቱ እስከ 33 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ከ20 ደቂቃ በላይ መዘግየት ካለ ወደ ጥልቀቱና ወደ መተላለፊያዎቹ ይመለሱ። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ጠብቦ የተሣለ በር ነው፤ ሰበቃውን በመነካካት ሊሸፍኑት አይሞክሩ።

ደረጃ 8፦ ያለፈ አውሎ ነፋስ መልሰው ይተንብዩ

ሳንዲን በነፋስና በታይድ አብረው ያስኪዱ፤ ከዚያ የታይድ ብቻውን ውጤት ይቀንሱ። ሙላቱን ለብቻው አስኪዶ ታይድ በኋላ መደመር ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ያሳስታል፤ ባሕሩ ከፍ ሲል ጥልቀቱ ስለሚጨምር ነፋሱ የሚከምረው ይቀንሳል፣ ሰበቃውም ይለወጣል።

ሦስት ነገር ይመዝኑ፦ የጫፉ ከፍታ፣ የጫፉ ሰዓት፣ የአወጣጡ ቅርጽ። ጫፉ ከ30 ሳንቲሜትር ባልበለጠ፣ ሰዓቱም ከ1 ሰዓት ባልበለጠ ልዩነት ከተገኘ ጥሩ ጅምር ነው። ውጤቱ ካነሰ ወደ ማኒንግ ቁጥር ከመሮጥ በፊት የሞዴሉን ነፋስ በአካባቢው ካሉ ተንሳፋፊዎች ንባብ ጋር ያነጻጽሩ። የነፋስን ጉድለት በሰበቃ የሸፈነ ሰው ለሳንዲ ይሳካለታል፤ በሚቀጥለው አውሎ ነፋስ ግን ስህተቱ በሌላ አቅጣጫ ይወጣል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አውሎ ነፋሶችን በአንድ ዓይነት ቁጥሮች ይፈትኑ።

ደረጃ 9፦ በየ6 ሰዓቱ የሚሠራ ትንበያ

የጂኤፍኤስ ውጤት ከተነሣበት ሰዓት ጥቂት ሰዓታት ዘግይቶ ይደርሳል፤ የእርስዎ ሞዴል ሲጨርስ መረጃው 5 ወይም 6 ሰዓት ያረጀ ይሆናል። ይህን አይደብቁ፤ ትንበያው ላይ የነፋሱን መነሻ ሰዓት ይጻፉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለፈው ዑደት መጨረሻ የተቀመጠውን የባሕሩን ሁኔታ መጫን፣ ያለፉትን 6 ሰዓታት በአዲሱ ነፋስ ማስኬድ፣ ሁኔታውን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ከ72 እስከ 120 ሰዓት ወደፊት መሄድ።

ባሕሩ ለሳምንታት ከተለመደው 10 ወይም 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ሙቀትና የውቅያኖስ ጅረቶች የሚያመጡት ነው፤ ሞዴልዎ አያየውም። ያለፉትን ጸጥ ያሉ 5 ቀናት የመለኪያና የሞዴል ልዩነት አማካይ ወስደው ይደምሩበት። አውሎ ነፋሱ መጫን ከጀመረ በኋላ ግን ይህን ማስተካከያ ባለበት ያቁሙት፤ ያለበለዚያ ሙላቱን ራሱን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሁለት ጊዜ ይደምረዋል።

ደረጃ 10፦ አንድ ቁጥር ብቻ አይስጡ

ስብስብ ትንበያ አንዱ ሞዴል በጥቂቱ ከተለያዩ መነሻዎች ተደጋግሞ የሚሄድበት ነው፤ የጂኤፍኤስ 31፣ የአውሮፓው 51 አባላት አሉት። አቅም ካለ ሞዴልዎን በሁሉም ያስኪዱ። አቅም ካነሰ ዋናውን የአውሎ ነፋሱን የጉዞ መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ በተለመደው ስህተት ልክ ያንሸራቱ፣ አንዱን በ6 ሰዓት ያፍጥኑ፣ አንዱን ያዘግዩ፣ አንዱን ነፋሱን በ10 በመቶ ያበርቱ። በባተሪ በባሕሩ ከፍታና ዝቅታ መካከል በአማካይ 1.4 ሜትር ያህል ልዩነት ስላለ፣ የ6 ሰዓት መፍጠን ወይም መዘግየት ብቻ ጠቅላላውን ከፍታ በዚያ ልክ ይለውጠዋል። ለመንገድ መዝጊያ መካከለኛው ግምት ይበቃ ይሆናል፤ ሰው ከቤቱ ለማስወጣት ግን ከአሥር አንድ ዕድል ያለውን ከፍተኛ ቁጥር መጠቀም ይገባል።

ለሕዝብ ሲነገር ከመሬት በላይ ባለው ጥልቀት ይሁን። ከናቭዲ88 በላይ የተተነበየው 3.4 ሜትር ቢሆንና የመንገዱ ከፍታ 2.2 ሜትር ቢሆን፣ «በዚህ መንገድ ላይ ውሃው 1.2 ሜትር፣ ከአዋቂ ሰው ወገብ በላይ ይደርሳል» ብለው ይጻፉ።

መለኪያው በቀውሱ መካከል ሲጠፋ

በሳንዲ ምሽት በኒው ጀርዚ ሳንዲ ሁክ የነበረው መለኪያ 2.61 ሜትር ሙላት አንብቦ ከዚያ ተቋረጠ፤ ጫፉን አላየውም። ኮምፒውተርዎ እንዲህ ያለውን ዝምታ እንዴት እንደሚቀበል በጸጥታው ቀን ያዘጋጁት። የመጨረሻውን ንባብ ደጋግሞ የሚልክ መለኪያ ውሃው የቆመ ያስመስላል፤ ስለዚህ ለ30 ደቂቃ ቁጥሩ ምንም ካልተነቃነቀ ወይም በ6 ደቂቃ ውስጥ ከ50 ሳንቲሜትር በላይ ከዘለለ ከሥራ እንዲያወጣው ያድርጉ። የጠፋውን ቦታ በዜሮ አይሙሉ፤ በሞዴሉም ሞልተው እንደ ንባብ አይቁጠሩት። ወደ ጎረቤት መለኪያዎች ይዙሩና በቀደሙት ሰዓታት ሁለቱ መለኪያዎች በምን ያህል ደቂቃና በምን ያህል ሳንቲሜትር እንደሚለያዩ አይተው ግምትዎን ከዚያ ይውሰዱ። ውሃው ከጎደለ በኋላ በነጋታው በግድግዳና በዛፍ ግንድ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ማስለካት አለብዎት፤ መለኪያው ያላየውን ጫፍ የሚነግርዎ ያ መስመር ነው፣ ዝናብ ሳያጥበው ይድረሱበት።